ፒያኖው ሥር ያለችው ጣሳ

የጡረታ ደብዳቤዬ ላይ «የመዝሙር መምህርት» ተብሎ ነው የተጻፈው። ዕድሜዬን ሙሉ ፒያኖ ሳስተምር ኖሬ ፒያኖ የሚል ቃል አንድ ቦታ እንኳ አልገባበትም። የትምህርት ቤቱ ጸሐፊ እንዲያስተካክልልኝ ብጠይቀው «ቲቸር ማርታ፣ ፎርሙ ላይ እንደዚህ የሚባል ሥራ የለም» አለኝ። እውነቱን ነው፣ የለም። ደብዳቤውን ቦርሳዬ ውስጥ ከትቼ ከአዳማ ነፋስ ጋር እየታገልኩ ወደ ቤቴ ሄድኩ።

ጡረታ የወጣሁት ዕድሜዬ ስለደረሰ ብቻ አይደለም። ጆሮዬ ቀድሞኝ ወጥቷል። በፒያኖው ቀኝ ጫፍ ያሉት ቀጫጭን ድምፆች ከተሰወሩብኝ ቆይተዋል፤ ቁልፎቹን ስነካ የምሰማው እንጨቱ ሲንኳኳ ብቻ ነበር። መጀመሪያ የገጠመኝ ቀን ሽቦ የተበጠሰ መስሎኝ ክዳኑን ከፍቼ ፈተሽኩ። ሽቦው ደህና ነበር። ለማንም ሳልናገር አንድ መንፈቅ ሙሉ የተማሪዎቼን ጣት እያየሁ አስተማርኩ፣ ድምፃቸውን እየሰማሁ አይደለም። ይህን ስጽፍ አፍራለሁ።

ያስተማርኳቸው ልጆች አብዛኞቹ ሌላ ቦታ «አይቻሉም» ተብለው የተመለሱ ናቸው። የማይናገሩ፣ የማይቀመጡ፣ ፊደል የሚገለባበጥባቸው፣ ጫጫታ ሲበዛ ጆሯቸውን ይዘው ጠረጴዛ ሥር የሚገቡ። ዛሬ ኦቲዝም የሚለውን ቃል ባጃጅ ነጂውም ያውቀዋል። ያኔ «ችግር ያለባቸው» ነበር የሚባሉት። ደግ ሰው ሲገጥማቸው ደግሞ «የእግዚአብሔር ልጆች» ይላቸዋል፤ ሌሎቻችን የማን ልጆች እንደሆንን እንጃ።

እኔ ፒያኖ የተማርኩት ኩየራ፣ ሚሲዮኑ ግቢ ውስጥ፣ ከጋሽ ደምሴ ነው። ጋሽ ደምሴ የመዘምራን አሠልጣኝ ነበሩ፤ ረጅም፣ ከሲታ፣ ክረምት ከበጋ አንድ ቡናማ ሹራብ የማይለያቸው ሰው። ብዙ አመል ነበራቸው። ተማሪ ሲገባ ደህና አደርሽ አይሉም። «ዛሬ ምን ሰምተሽ መጣሽ?» ነው የሚሉት። የሰማሁትን መናገር አለብኝ፦ ወፍጮ፣ የአህያ ጩኸት፣ እናቴ ወንድሜን ስትቆጣ። ከዚያ «እስቲ ፈልጊው» ብለው ቁልፎቹን ያሳዩኛል። ኖታ የሚባል ነገር በወረቀት እንደሚጻፍ ያወቅኩት የወፍጮ ድምፅ ፍለጋ ከግራ ጫፍ እስከ ቀኝ ጫፍ ስዳክር ከከረምኩ በኋላ ነው።

ስሳሳት «ተሳሳትሽ» ብለውኝ አያውቁም። መነጽራቸውን ያወልቁና በመሐረብ መጥረግ ይጀምራሉ። ጠርገው መልሰው እስኪያደርጉት እኔ ስህተቴን አግኝቼዋለሁ። በጣም ስሳሳት በጣም ይጠርጋሉ። አንድ ቀንማ ሰዓቱን ሙሉ ሲጠርጉ ዋሉ። የሚቀመጡት ሁልጊዜ በግራዬ፣ ትንሽ ወደ ኋላ ብለው ነው። ከኋላው የቆመ መምህር ልጅን ያስፈራዋል ይሉ ነበር።

ከሁሉም የማልረሳው ግን ጣሳቸውን ነው። የእኛ የስምጥ ሸለቆ በጋ ለፒያኖ ጠላት ነው። ነፋሱ እንጨቱን ያደርቀዋል፣ ቅኝቱ ይበላሻል፣ እያደር ውስጡ ያለው ጣውላ ይሰነጠቃል። ጋሽ ደምሴ የፒያኖውን የታችኛውን ሳንቃ ያነሡና አንዲት የሳልሳ ጣሳ ውሃ ሞልተው ውስጡ ያስቀምጣሉ። «ይጠማዋል» ይሉኛል። «ግን ጠማኝ ብሎ አይናገርም። አንድ ቀን ቷ ሲል ነው የምትሰሚው፣ ያኔ ደግሞ አልቋል።» የዛሬ ባለሙያዎች ይስቁብኝ ይሆናል፤ እኔ ፒያኖ ባገኘሁበት ሁሉ ጣሳ አስቀምጫለሁ።

የመጀመሪያ ሥራዬ ባቱ፣ ያኔ ዝዋይ በምንላት ከተማ፣ አንድ መዋዕለ ሕፃናት ውስጥ ነበር። ፒያኖ የለም። ያለው በእግር እየተረገጠ የሚነፋ ኦርጋን ነው፣ እሱም ሁለት ቁልፉ አይሠራም። አንድ ቀን ኦቦ ገመቹ የሚባሉ ጋሪ ነጂ የሰባት ዓመት ልጃቸውን ቶሎሳን ይዘውልኝ መጡ።

«አካም ጅርቱ፣ ባርሲስቱ» ብለው ሰላምታውን በኦሮምኛ ጀመሩና ወደ አማርኛ ተሻገሩ። «ይሄ ልጅ አይቀመጥም። ሁለት ትምህርት ቤት መለሰብኝ። ጋሪ ላይ ብቻ ነው የሚቀመጠው።»

«እንግዲያው አይቀመጥም» አልኳቸውና ወንበሩን አወጣሁት።

ዛሬ ምን ሰምተህ መጣህ ስለው አልመለሰልኝም፤ በምላሱ የፈረሳቸውን ኮቴ አሰማኝ። እኔ ተቀምጬ በእግሬ ኦርጋኑን እነፋለሁ፣ እሱ ቆሞ በወፍራሞቹ ድምፆች ላይ ኮቴውን ይፈልጋል። ሲያገኘው ክፍሉን አንድ ጊዜ ዞሮ ይመጣል፣ ሲመለስ ጣቱ ምቱን ሳይስት ቁልፉ ላይ ያርፋል። ዳይሬክተሯ በመስኮት አይታን «ማርታ፣ ተማሪ ቆሞ ነው እንዴ የሚማረው?» አለችኝ። «ቆሞ አይደለም፣ እየሄደ ነው» አልኳት። አልሳቀችም። ቶሎሳ ዛሬ ባቱ ውስጥ ባጃጅ ይነዳል። መንገድ ላይ ሲያየኝ ክላክሱን በዚያ በፈረሱ ኮቴ ምት ይነፋልኛል፣ እኔም ሰው እያየኝ እስቃለሁ።

ነገሬ ሁሉ እንደ ቶሎሳ ቢሆን ኖሮ ይህን ጽሑፍ በደስታ እጽፈው ነበር።

አዳማ የመጣሁት ካገባሁ በኋላ ነው። የተቀጠርኩበት ትምህርት ቤት የቤተ ክርስቲያን ነበር፤ መጋዘኑ ውስጥ ከተሰበሩ ዴስኮች ጋር የቆመ አሮጌ ፒያኖ ነበረው። አራት ቅዳሜ ፈጅቶብኝ ቃኘሁት። ዴስኮቹን አስወጥቼ መጋዘኑን ክፍል አደረግኩት። የጣሪያውን ረጅም አምፖል አጠፋሁ፤ እኛ ልብ የማንለውን እዝዝታውን ልጆቹ ይሰሙታል። ግድግዳው ላይ ምንም አልሰቀልኩም። ለጀማሪ ልጅ አምስት ቁልፍ ብቻ ትቼ የቀረውን በጨርቅ እሸፍናለሁ፣ ሰማንያ ስምንት ቁልፍ በአንድ ጊዜ ማየት አዋቂንም ያስደነግጣል። በኖታ ወረቀት ፋንታ ቁልፎቹ ላይ ቁርጥራጭ ጨርቅ ለጠፍኩ። ለስላሳው አንድ ድምፅ ነው፣ ሻካራው ሌላ። ልጁ ዐይኑን ከእኔ ቢያሸሽም ጣቱ የት እንዳለ ያውቃል።

ጨርቁን የምታመጣልኝ ሂሩት ነበረች። ሂሩት አንድ የልብስ ፋብሪካ ውስጥ የምትሰፋ፣ ብቻዋን ልጅ የምታሳድግ ሴት ናት። ልጇ ናርዶስ መጀመሪያ ስትመጣ ስምንት ዓመቷ ነበር። አትናገርም፣ ራሷን ሰው ሲነካት ትጮኻለች። ክፍሉ ውስጥ እንደገባች ፒያኖው ሥር ገብታ ተኛች። ሦስት ሳምንት እዚያው ሥር ተኝታ ነው የተማረችው፤ እኔ ስጫወት እሷ መዳፏን ሳንቃው ላይ አድርጋ ትሰማለች።

«ቲቸር፣ ጊዜዎን እያባከንኩብዎት ይሆን?» አለችኝ ሂሩት በሩ ላይ ቆማ።

«እየተማረች ነው» አልኳት። እርግጠኛ አልነበርኩም።

ጣሳዋን ያገኘቻት እዚያ ሥር ሆና ነው። ሳንቃውን ገፋ አድርጋ አወጣቻት፣ ግማሽ መሆኗን አየች፣ ይዛት ወደ ቧንቧው ሄደች። ከዚያን ቀን ጀምሮ ትምህርታችን ሥርዓት ያዘ። መጀመሪያ ወደ ላይ የሚወጡ ሦስት ድምፆች፤ ሰላምታችን ናቸው። ከዚያ ትምህርቱ። መጨረሻ ላይ ወደ ታች የሚወርዱ ሦስት ድምፆች። ከዚያ ጣሳዋ፣ ራሷ በምስማር በጫረችው መስመር ልክ ውሃ ተሞልታ ቦታዋ ትገባለች። ጣሳዋ ካልገባች ትምህርቱ አላለቀም፣ ናርዶስም ከክፍሉ አትወጣም። አንድ ቀን ውሃ ጠፍቶ ከጥበቃው ጀሪካን እስክንለምን ድረስ በሩ ላይ ቆማ ጠበቀች።

በሁለት ዓመት ውስጥ በሁለት እጇ ትጫወት ጀመር። አንድ የጉባኤ መዝሙር ከእኔ ሰምታ ወደ ወፍራሞቹ ድምፆች አወረደችው፣ እዚያ ታች፣ ሆድ ውስጥ የሚሰማ አድርጋ። ስትጫወት ትስቃለች። ሂሩት ይህን ስነግራት አላመነችም፣ በበሩ ቀዳዳ አሳየኋት። ቤት ውስጥ ሳቋን ሰምታ አታውቅም ነበር። ያ ክፍል ለዚያች ልጅ ምን እንደሆነ ከእኔ በላይ የሚያውቅ አልነበረም። ያደረግኩትን ለራሴ ይቅር ማለት ያቃተኝም ለዚህ ነው።

ርዕሰ መምህሩ ጠርቶኝ «ቲቸር፣ ክፍሉን ለኮምፒውተር እንፈልገዋለን» አለኝ። «ለስድስት ልጅ አንድ ክፍል ለቦርዱ ማስረዳት አቃተኝ።»

«ለቦርዱ እኔ አስረዳለሁ» አልኩት።

የቦርዱ አባላት ከእኔ ጋር በአንድ ቤተ ክርስቲያን የሚያመልኩ ሰዎች ናቸው። ናርዶስ እሑድ በጉባኤው ፊት ትጫወት፣ ይዩዋት፣ ከዚያ ማን ክፍሉን ይነካል ብዬ አሰብኩ። ለክፍሉ ብዬ ነው እላለሁ፤ ግማሹ ለራሴ ነበር። እዩልኝ ማለት አማረኝ። ሂሩት ፈራች። «ሰው ይበዛል እኮ፣ ቲቸር» አለችኝ። «ለእኔ ተይው» አልኳት።

ተዘጋጀሁ። ፒያኖውን ወደ ቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ አስጫንኩ። ሁለት ሐሙስ ባዶ አዳራሽ ውስጥ አለማመድኳት፣ ትምህርቱን ግን እየተመለስን ክፍላችን ውስጥ በተዋስኩት ኪቦርድ ነበር የምንጨርሰው፣ ጣሳዋም እዚያው ተሞልታ ትቀመጥ ነበር። ማይክ እንዳይኖር አደረግኩ። ከመድረኩ ደጋግሞ ተነገረ፦ ልጅቷ ስትጨርስ ጭብጨባ የለም፣ እልልታ የለም፣ እጃችንን አንሥተን እናወዛውዛለን። ሕዝቡ «አሜን» አለ። እኔም አመንኩ። ጉባኤ ደስ ሲለው እልልታውን ዋጥ እንዲያደርግ መለመን ከንቱ መሆኑን፣ እዚያው አግዳሚ ላይ ያረጀሁ ሴት፣ አለማወቄ ይገርመኛል።

ናርዶስ ወጣች። ሦስቱን ድምፆች መታች። ከዚያ መዝሙሩን፣ እንደዚያ ታች አውርዳ። አዳራሹ ጸጥ አለ፣ ሕፃናት እንኳ ዝም አሉ። ሳቀች፣ አዎ፣ እዚያም ሳቀች። እኔ በግራዋ ትንሽ ወደ ኋላ ብዬ ተቀምጫለሁ፣ እንባዬ ይወርዳል። ሦስቱን የመሰናበቻ ድምፆች ጨርሳ ጣቷን ስታነሣ ከፊት ረድፍ አንዲት፣ በእንባዬ ያልለየኋት ሴት እልል አለች። አንዷ ስትጀምር አዳራሹ ሙሉ ተከተለ። ከክፋት አልነበረም። ወደዷት፣ ያ ሁሉ ሰው በአንድ ጊዜ ወደዳት።

ናርዶስ ጆሮዋን ይዛ ከወንበሩ ወረደች። የት እንደምትሄድ ታውቅ ነበር። ተንበርክካ የታችኛውን ሳንቃ ከፈተች። ጣሳዋ የለችም። ለጭነት ስናዘጋጀው በእጄ አውጥቻት ክፍላችን ውስጥ ረስቻታለሁ። እጇን እየሰደደች ትፈልጋለች፣ ትፈልጋለች። ፓስተሩ የተንበረከከችው ለጸሎት መሰለው። «ጌታ ዛሬ ምላሷን ይፈታዋል!» ብሎ ከሽማግሌዎች ጋር መጣና ራሷ ላይ እጅ ጫኑባት።

እኔ ሁለት ርምጃ ርቀት ላይ ነበርኩ። እጁን መያዝ እችል ነበር። ግን ጸሎት ሲጀመር ዕድሜ ልኬን የማደርገውን አደረግኩ፤ ዐይኔን ጨፍኜ እጄን ዘረጋሁ። አሜን እያልኩ ነበር። ዐይኔን ስገልጥ ናርዶስ የእጇን አንጓ ነክሳ ደም አፏ ላይ ነበር፣ ፓስተሩም ደንግጦ እጁን አንሥቷል።

ቦርዱ ክፍሉን ፈቀደልኝ፣ እንዲያውም ቀለም አስቀባልኝ። ናርዶስ ግን አልተመለሰችም። ሂሩት አራት ቅዳሜ እስከ ትምህርት ቤቱ በር አመጣቻት፣ ልጅቷ ብረቱን ጨብጣ አልንቀሳቀስ አለች። በአራተኛው ቅዳሜ ሂሩት «ቲቸር፣ አላስገድዳትም» አለችኝ። የያዘችውን የጨርቅ ቁርጥራጭ በፌስታል ሰጥታኝ ሄደች።

ጋሽ ደምሴ ያኔ በሕይወት ነበሩ። ኩየራ ድረስ ሄጄ ነገርኳቸው። እልል ያለችውን ሴት ከሰስኩ፣ ፓስተሩን ከሰስኩ፣ ርዕሰ መምህሩን ከሰስኩ። እሳቸው መነጽራቸውን አውልቀው ይጠርጋሉ። ቦርዱን ከሰስኩ፣ ይጠርጋሉ። ጣሳዋን መርሳቴን ነገርኳቸው፣ አሁንም ይጠርጋሉ። በመጨረሻ «ጋሼ፣ ዐይኔን ጨፈንኩ» አልኳቸው። መነጽራቸውን መልሰው አደረጉ። ምሳ ብዪ ብቻ ነው ያሉኝ። በዓመቱ አረፉ።

ከዚያ በኋላ ቀለም በተቀባው ክፍል ዘጠኝ ዓመት አስተማርኩ። ብዙ ልጅ መጣ፣ ደህና የተጫወተም አለ። ከዚያች እሑድ ወዲህ ማንንም መድረክ ላይ አላወጣሁም። ወላጅ ማየት ከፈለገ አንድ በአንድ ይገባል፣ ጫማውን አውልቆ፣ አፉን ይዞ። ግትር ናት ይሉኛል፤ ይበሉኝ። በሩ በተከፈተ ቁጥር ግን ቀና እላለሁ፤ የምትመጣዋ ሌላ ልጅ ናት።

ጡረታ ስወጣ ትምህርት ቤቱ ኪቦርዶች ስለገዛ አሮጌውን ፒያኖ ሰጡኝ። ሳሎኔ ውስጥ ሶፋውን ገፍቶ ቆሟል። ከመጣ ጀምሮ አልነካሁትም። ጣሳዋንም አልሞላኋትም፤ ድምፁን ለማልሰማው ነገር ማጠጣቱ ምን ያደርጋል ብዬ ተውኩት።

ባለፈው ሰኔ፣ ከሰዓት በኋላ፣ ሂሩት ጡረታ መውጣቴን ሰምታ ልትጠይቀኝ መጣች። ከኋላዋ አንዲት ረጅም ልጃገረድ ቆማለች። ናርዶስ ናት። ጆሮዋ ላይ ድምፅ የሚከላከል ትልቅ ማዳመጫ አድርጋለች። ፒያኖውን ስታየው በሩ ላይ ቆመች፤ ትሄዳለች ብዬ ፈራሁ። አልሄደችም። እኔ ሞኟ ዘልዬ ተነሥቼ የፒያኖውን ክዳን ከፈትኩላት።

ሂሩት ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ነጠላዋን ትጠመዝዛለች። «ቲቸር፣ አንድ ነገር ሳልነግርዎት ኖሬያለሁ» አለችኝ። «ያን ቀን መጀመሪያ እልል ያልኩት እኔ ነኝ። አፌን መያዝ አቃተኝ። ልጄ ናት እኮ።»

ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ያችን ሴት ስረግም ኖሬያለሁ። «እኔ ደግሞ እጅ ሲጭኑባት ዐይኔን ጨፍኜ አሜን እያልኩ ነበር» አልኳት። ሂሩት አየችኝ። ሁለታችንም አላለቀስንም፤ ያለቀስነው ድሮ ነው፣ ለየብቻችን።

በዚህ መሃል ናርዶስ ወደ ፒያኖው ቀረበች። ቁልፎቹን አየቻቸው። የለጠፍኩት ጨርቅ አሁንም አለ፣ ነትቧል እንጂ። እጇን አነሣች። ክዳኑን ይዛ ቀስ ብላ ዘጋችው።

ከዚያ ተንበረከከች። ሳንቃውን አንሥታ እጇን ሰደደች፣ ጣሳዋን አወጣች። ደርቃለች፣ ታቿ ዝጓል። ናርዶስ ማንንም ሳትጠይቅ ወደ ወጥ ቤት ገባች፤ ከጀሪካኑ ውሃ ሲቀዳ ሰማሁ፣ ወፍራም ድምፅ ስለሆነ ይሰማኛል። በሁለት እጇ ይዛት መጣች። አስገባቻት፣ ሳንቃውን መለሰችው፣ ተነሥታ በሩ ጋ ሄዳ ቆመች።

«ጨረሰች» አለች ሂሩት።

ቆይ፣ ሻይ ላፍላ አላልኩም። ትምህርት ሲያልቅ እንዴት እንደምትሄድ አውቃለሁ። ደጅ ድረስ ሸኘኋቸውና ተመልሼ፣ ጉልበቴ እያመመኝ፣ ወለሉ ላይ ተንበርክኬ ሳንቃውን አነሣሁት። ውሃው በምስማር በተጫረው መስመር ልክ ነበር።